ዳንግላ የሄደው ሰርቨር

የእንጅባራው መሥሪያ ቤታችን ሥራ የሚካሄድባቸው፣ በአንድ ሰርቨር ውስጥ እንደ ብዙ ኮምፒውተር ሆነው የሚሠሩት ቨርቹዋል ማሽኖች አንድ ነገር ቢሆኑ፣ ቅጂያቸው የት ይቀመጥ የሚለውን እንዳቅድ ታዘዝኩ። ቅጂው ዳንግላ ቅርንጫፋችን ከተቀመጠ፣ ለቅጂው የተገዛው አዲሱ ሰርቨር እዚያ ላለው ባልደረባዬ ለአስማረ ሊደርሰው ነው። የቀናሁ እንዳይመስላችሁ፤ ሰርቨሩ ሰው አገር መሄዱ አሳዝኖኝ ነው። ስለዚህ አዲሱንም አሮጌውንም እኔው ክፍል ጎን ለጎን አቀድኳቸው።

ኃላፊዬ ወይዘሮ ጥሩወርቅ አንብበው ቀና አሉ። «ክረምት ላይ ጣሪያው ቢያፈስስ?»

«ሁለቱም እኩል ይረጥባሉ፤ አድልዎ የለም» አልኳቸው።

«ዳንግላ ይሄዳል። የምታደርሰውም አንተ ነህ።»

ሚኒባስ ውስጥ እስከ ዳንግላ ታቅፌው ሄድኩ። ሐምሌ ላይ ጣሪያው አፈሰሰና የእኛው ሰርቨር ውሃ ገብቶበት ተበላሸ፤ ሥራው ግን በዳንግላው ቅጂ ቀጠለ። አስማረ ስብሰባ ላይ ተመሰገነ። እኔም አጨበጨብኩለት፤ በአንድ እጄ ባልዲ ይዤ ስለነበር ግን ጭብጨባዬ ብዙም አልተሰማም።