የክዳን ቦታ ያለው ግርግም

ግርግሙ ላይ የነበረውን ስሕተት ያየሁት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አውርደን ጭድ ከሞላንበትና ልጄ ጋሪውን ልትመልስ ከወጣች በኋላ ነው። የላይኛው ጠርዝ ዙሪያውን በጣት ውፍረት ያህል ወደ ውስጥ ተፍቋል። እንጨት እንዲህ የሚፋቀው ክዳን እንዲያርፍበት ነው። ግርግም ደግሞ ክዳን የለውም። ክዳን ያለው የአማቴ ሌላው ሥራ ነው።

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ አናጢ ናቸው። በርና መስኮትም፣ አልጋም ይሠራሉ፤ ከሁሉ የሚበዛው ሥራቸው ግን የሬሳ ሳጥን ነው። በገና ዋዜማ ልጆች የጌታን ልደት በትያትር ስለሚያሳዩ፣ ግርግሙን በነፃ የሚሠሩላቸው እሳቸው ናቸው። የአምናውን ልጆቹ ተቀምጠውበት ሰበሩትና ዘንድሮ ሌላ አስፈለገ። ልባቸው ግርግም ሲያስብ እጃቸው የለመደውን ሠርቶ ቁጭ አለ።

እኔ ክፉ ነገር ቀድሞ የሚታየኝ ሰው ነኝ። ስልክ ሲጮኽ ማን ሞተ እላለሁ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ በወጣ ቁጥር በሐሳቤ ሲገለበጥ ኖሮ አንድ ቀን እውነትም ተገለበጠ። ከዚያ ወዲህ ፍርሃትሽን ተዪ የሚለኝ ሰው የለም፤ ቢኖርም አልሰማውም። እናም ጣቴን በዚያ ጠርዝ ላይ እያስኬድኩ፣ ይህ የማን ክዳን ይሆን እያልኩ ቆሜ ሳለ፣ ከኋላዬ "እትዬ" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ትንሿ ነበረች፤ የባለቤቴ እህት፣ የአማቴ የመጨረሻ ልጅ። ቤታችን ውስጥ የምትጠራው በዚህ ስም ነው፤ ማለቴ፣ ትጠራ በነበረበት ጊዜ። ሳታገባ ማርገዟ የታወቀ ዕለት አባቷ ሠራተኞቻቸው እያዩ ሻንጣዋን አውጥተው መንገድ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ወዲህ ቤታችን አልረገጠችም። ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋዋለች፤ ደረቷ ላይ ግን አንድ ነገር አብጧል።

"እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አልኳት።

"እሞቃለሁ። ሰው ስለሚበዛ ከእኔ ክፍል ይሻላል። እሱ ሲሞቀው ይጠባል።"

አንድ ቁልፍ ፈታ አድርጋ አሳየችኝ። የሕፃን ፊት አይመስልም፤ የተጨማደደ የሽማግሌ ፊት ነው። ወሩ ሳይሞላ ተወልዷል። ሐኪም ቤት፣ ከደረትሽ አትለዪው፣ ብርድ አታስነኪው ብለው ሸኝተዋታል። የተከራየችው ክፍል ግን ግድግዳው ውኃ ያንጠባጥባል፤ ያሰጣችው ጨርቅ ሳይደርቅ ይሻግታል።

ልጄ ተመልሳ መጣች። ነርስነት ትማራለች። የሕፃኑን እግር ዳሰሰች፣ ከንፈሩን አየች። የእሷ ፊት ከሕፃኑ ፊት ይልቅ አስደነገጠኝ።

"አክስቴ፣ እግሩ በረዶ ነው እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"እዚያ ክፍል ውስጥ ይህን ብርድ አይዘልቀውም።"

"እሱንም አውቃለሁ" አለች ትንሿ። ከዚያ ወደ ግርግሙ ዞር ብላ፣ "የአባባ ሥራ ነው፤ ጠርዙ ያስታውቃል" ብላ ሳቀች። በዚያ ሰዓት እንዴት ሳቅ እንደመጣላት እስካሁን ይገርመኛል።

ትንሿ ክፍሏ የት እንደሆነ ለልጄ ነግራት ሄደች። ልጄ ለአያቷ ልትነግር ስለቆረጠች፣ ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ስለምናት ነበር። ተይ፣ በዓል ነው፣ ነገር አታንሺ፣ ሽማግሌውን ደም ግፊት ይገድላቸዋል አልኳት። ብላት ብሠራት አልሰማችኝም።

ከአማቴ ሥራ ቤት ጀርባ እንጨት የሚደርቅበት ክፍል አለ። እርጥበት የነካው ጣውላ ስለሚጣመም፣ የብረት ምድጃ ውስጥ ቁርጥራጭ ይነድበታል። ስንደርስ አማቴ እዚያ ሆነው ጣውላ ይገላብጣሉ።

"አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት?" አለች ልጄ።

"ዶክተሪት መጣች" አሉ ቀና ሳይሉ። "መርፌ ካልያዝሽ ተናገሪ።"

"ግርግሙ የክዳን ቦታ አለው።"

እጃቸው ባለበት ቆመ። "ምን አልሽ?"

"ጠርዙ ተፍቋል። እንደ ሬሳ ሳጥን።"

አማቴ የጣውላው ክምር ላይ ቁጭ አሉ። "አቤት ጌታዬ! የአንተን መኝታ! ምን ዓይነት እጅ ነው ይሄ?" ቀኝ እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አገላብጠው አዩት። "ነገ ጠዋት ሄጄ በቀጭን እንጨት እደፍነዋለሁ። ሰው ሳያይ።"

"አይድፈኑት። እጅዎ አልተሳሳተም።"

"አታሹፊ፣ አንቺ ልጅ።"

"አላሾፍኩም። የተወለደው ሊሞት አይደል? ሲወለድ በጨርቅ ጠቀለሉት፤ ሲሞትም በጨርቅ ጠቀለሉት። እኛ ገና ሲመጣ መብራቱና መዝሙሩ ብቻ ይታየናል። እሱ ግን ብርድና ሞት ወዳለበት ቤት እያወቀ ነው የገባው። ደስ ያለው ሰው ብቻ የሚያከብረው በዓል ቢሆን ኖሮ፣ እኛ ቤት አባቴ ከሞተ ወዲህ ምን ልንሠራበት ነበር?"

ስንት የገና ስብከት ሰምቻለሁ፤ ልጄ የተናገረችውን ያህል የገባኝ የለም። እኔ ገናን የምፈራው ቀን ነው፤ ገበታው ላይ የጎደለው ሰው ቦታ ጎልቶ የሚታየው ያን ዕለት ነውና። ለካስ ልደቱ ራሱ ኀዘን ያለበትን ቤት ፈልጎ የመጣ ኖሯል።

አማቴ ግን በዋዛ የሚረቱ አይደሉም። "ስብከቱ ጥሩ ነው" አሉ። "ለዚህ ነው በብርድ እየሮጥሽ የመጣሽው?"

"አይደለም። አክስቴን አገኘናት።"

አማቴ ተነሥተው ጣውላ መገልበጥ ጀመሩ።

"ሕፃኑ እየበረደው ነው አባባ። እዚህ ይምጡ። ይህ ክፍል ይበቃቸዋል።"

"ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" አሉ አማቴ ቀስ ብለው። "በዚህ ሰፈር ሳጥን ያልሠራሁለት ቤት የለም። ሰው በኀዘኑ ቀን የሚጠራኝ ስለሚያከብረኝ ነው። እሷ አንገቴን አስደፋችኝ። አሁን ደግሞ በዓል ነውና ከነልጇ አስገባት በይኛ!"

"በዓሉ ስለሆነ ነው የምለው። ማደሪያ ያጣ ሕፃን ልደት ልናከብር..."

"ዝም በይ!" ጣታቸውን ቀሰሩባት። "እመቤታችንን ከማንም ጋር እንዳታወዳድሪ! እሷ ንጽሕት ናት። የኛዋን ደግሞ እናውቃታለን።"

"አባባ፣ እሷንስ ከማንም አላወዳድርም" አለች ልጄ ጎንበስ ብላ። "የማወዳድረው አናጢውን ከአናጢው ጋር ነው።"

አማቴ ከልብሳቸው ላይ ሰጋቱራ አራገፉ። "ዮሴፍን መልአክ በሕልሙ ነገረው" አሉ። "ለእኔ ማን ነገረኝ? በእኔ ሕልም የሚመጡት ሟቾች ናቸው፤ ሳጥኑ ጠበበን እያሉ።"

ሳላስበው ሳቅ አፈነኝ። ልጄ ግን አልሳቀችም።

"መልአኩ የመጣው በኋላ ነው። ከዚያ በፊት፣ ምንም ሳያውቅ፣ ተበድያለሁ ብሎ ሲያስብ እንኳ ሰው ፊት ሊያዋርዳት አልፈለገም። ጻድቅ የተባለው ለዚህ ነው። የአክስቴ ሻንጣ ግን..."

"በቃ!"

"በቃሽ!" አልኩ እኔም። "አያትሽ ናቸው።"

"አንቺስ እማዬ? አንቺ ምን ትያለሽ?"

እንዲህ ብላ እንደምታፋጥጠኝ እያወቅኩ ነበር አፌን መክፈቴ! "እኔ የምፈራው" አልኩ፣ "እዚህ አምጥተነው እዚሁ ቢሞትስ? ያቺን አንድ ፍሬ ልጅ ማን ያጽናናታል? ሰውስ፣ እርግማን ነው አይልም? ከዚህ ቤት ሌላ ሬሳ ሲወጣ ለማየት አቅም የለኝም።"

"ሊሞት ይችላል" አለች ልጄ። ሐሰት አትናገርም፤ ይህ ጠባይዋ ከአባቷ ነው። "እዚያ ቢሞትስ? አንሰማም እንጂ ያው የእኛው ሬሳ ነው። እማዬ፣ ፍርሃትሽን የሚፈልግ ሕፃን መጣልሽ። ማታ እየተነሣሽ ትንፋሼን ስታዳምጪ አይደል እኔን ያሳደግሽኝ? ያን ፍርሃት ለእሱ ስጪው።"

ሰው ፍርሃቴን ሲንቅብኝ እንጂ ሥራ ሲሰጠው አይቼ አላውቅም።

ልጄ ወደ አያቷ ዞረች። "ይህ ጣውላ እርጥበት እንዳይነካው ሌሊቱን እሳት ይነድለታል። ቢጣመም ያዝኑለታል?"

"ጣውላ አያሳፍረኝም።"

"ልክ ነዎት፤ አያሳፍርም። አያለቅስምም። አባባ ብሎም አይጠራዎትም።"

አማቴ ወደ እሳቱ ዞረው ቁራጭ እንጨት ጨመሩበት። ጀርባቸውን እንደሰጡን፣ "ለመሆኑ ምን ያህላል?" ብለው ጠየቁ።

"ማን? ሕፃኑ?"

"አዎ። ምን ያህላል?"

ልጄ ሁለት እጇን ፊት ለፊት ዘርግታ አሳየቻቸው። "ይህን ያህል።"

ልጄ አታውቅም እንጂ፣ ሳጥን ሊያዝ የመጣ ወላጅ ቁመት ለመናገር አፉ ሲተሳሰር የሚያሳየው እንደዚሁ በእጁ ነው። አማቴ ደግሞ ሜትር ሳያወጡ በዓይናቸው ልኩን ይይዛሉ። አሁንም ዓይናቸው ከአንደኛው መዳፍ ወደ ሌላኛው ሄዶ ተመለሰ። ልኩን እንደያዙት ከፊታቸው አየሁት።

"ይህን ልክ አውቀዋለሁ" አሉ። "ሙሉ ጣውላ አይፈልግም። ከቁርጥራጭ ይወጣል።"

ልጄ እጇን አጠፈች። ነገሩ ያን ጊዜ ገባት፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

"ለልጄ ሠራሁ" አሉ አማቴ። ስለ ባለቤቴ ነው። "ሌላ ሰው ይሥራው ቢሉኝ እንቢ ብዬ በእጄ ሠራሁ። ለልጅ ልጄ ግን አልሠራም። እጄ ቢለምደውም አልሠራም።" ጨርቅ አንሥተው እጃቸውን ጠረጉ፤ ደጋግመው ጠረጉ። "የት ነው የተከራየችው?"

"እኔ ሄጄ አመጣቸዋለሁ" አለች ልጄ።

"ሻንጣውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የማስገባውም እኔው ነኝ። አንቺ መንገዱን አሳዪኝ። ጋሪውን ያዢው።"

ሲወጡ እኔ ክፉ ክፉውን ማሰብ ጀመርኩ። መንገድ ላይ ተጣልተው ይመለሳሉ፤ አልመጣም ትላቸዋለች፤ ሲደርሱ ሕፃኑ ትንፋሹ ቆሞ ያገኙታል። እያሰብኩም ሰጋቱራውን ጠረግሁ፣ ሽታው ሕፃኑን እንዳያፍነው የቫርኒሽና የኮላ ጣሳውን ወደ ውጭ አወጣሁ፣ ጣውላውን ወደ ግድግዳ ገፍቼ አልጋ ዘረጋሁ። ስሠራ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ግን እጄን አላሰረኝም።

ሊመሽ ሲል የጋሪው ድምፅ ተሰማኝ። ሻንጣውና ፍራሹ ጋሪው ላይ ነው፤ ትንሿ ከአባቷ ጎን አንገቷን ደፍታ ትሄዳለች። አማቴ በጓሮው መንገድ ማምጣት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን በሱቆቹ ፊት ነው ያመጧት። ሁሉን ካላወቀ እንቅልፍ የማይወስደው ጎረቤታችን ባለሱቁ ብቅ ብሎ፣ "እንግዳ መጣ እንዴ፣ ጌታው?" አላቸው።

"እንግዳ አይደለም" አሉ አማቴ፣ መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ። "የልጄ ልጅ ነው።"

ባለሱቁ ገብቶ ያልተፈታ ብርድ ልብስ ይዞ ወጣና ጋሪው ላይ ጣል አደረገው። ለሐሜት የመጣ ሰው እንዲህ ሲሆን ሳይ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የፈራነው የሰው አፍ ምን ያህሉ የራሳችን አፍ እንደነበር ገባኝ።

ልጄ አያቷን እጃቸውን በሳሙና አስታጠበቻቸው። ሕፃኑ ከእናቱ ገላ ጋር ተጣብቆ ይተኛል፤ ሰው ተሰብስቦ አይስመው፤ እዚህ ክፍል ቫርኒሽ አይቀባም ብላ ደነገገች። "እሺ፣ ዶክተሪት" አሉ አማቴ፤ በዚህ ጊዜ ቀልድ አልነበረበትም። ትንሿን ይቅር በይኝ አላሏትም፤ እንዲህ ያለ ቃል አልለመዱም። ሾርባ አሙቀው በእጃቸው አቀረቡላት። እሷም እንባዋ እየወረደ ጠጣችው።

አንባቢዬ፣ ሕፃኑ ድኖ አደገ ብዬ ላስደስትሽ አልችልም፤ ይህን ስጽፍ ገና ከእናቱ ደረት አልወረደም፤ እኔም ትንፋሹን ማዳመጥ አልተውኩም። ነገር ግን እግሩ ሞቋል። ቢኖርም ቢሞትም በዘመዶቹ መካከል ነው። አባት ልጁን አግኝቷል፤ ልጅም አባቷን። እንዲህ ያለ ነገር በየቤቱ አለ። ክብራችን እንዳይጎድል ብለን የምናወጣው ሰው ከክብራችን ይበልጣል። ገና ሲመጣ ቤት ማጽዳት፣ መጋረጃ መቀየር መልካም ነው፤ ያስወጣነው ሰው ውጭ እየበረደው ከሆነ ግን ለማን እንደምናጸዳ እንጠይቅ። ጌታ ብርድን የሚያውቀው በወሬ አይደለም።

ድሮ አማቴ ማታ የውጭውን በር ከመቆለፋቸው በፊት፣ "ውጭ የቀረ አለ?" ብለው ይጣሩ ነበር። ትንሿ ከወጣች ወዲህ ይህን ጥያቄ ትተው ዝም ብለው ነበር የሚቆልፉት። ማናችንም ለምን አላልናቸውም።

ያን ማታ ቁልፉን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ቆሙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ውጭ የቀረ አለ?"

እኔና ልጄ ተያየን። መልሱ የእኛ አልነበረም። ከጀርባው ክፍል ትንሿ፣ ሕፃኑን እንዳትቀሰቅስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የለም፣ አባባ" አለች።

አማቴ በሩን ቆለፉት።