ከላይ የታየው እሳት

በደርግ ጊዜ ነው፤ ሰኔ ላይ ከወልዲያ ወደ ላሊበላ በጭነት መኪና ተሳፍረን እንሄዳለን። ከጎኔ አንድ ወጣት የደን ባለሙያና አንድ የላስታ ገበሬ፣ ሽማግሌ፣ ተቀምጠዋል። ባለሙያው የጫነው የጥድ ችግኝ እግራችን ሥር ተደርድሯል።

«አባቴ፣ ኅዳር ላይ በእናንተ አገር የተነሳውን እሳት ሳተላይት አይቶታል።»

«ምንድን ነው እሱ ልጄ?»

«ሰው ወደ ሰማይ የላከው መሣሪያ ነው። የእሳቱን ብርታት ከላይ ሆኖ ይለካል።»

«ብርቱ ነበር አለ?»

«በጣም ብርቱ ነበር። በማግስቱም አልጠፋም። ስንት ዛፍ ነደደ?»

«እኛ ዘንድ ምን ዛፍ አለና።»

«መሥሪያ ቤታችን ግን የደን ቃጠሎ ነው ብሏል።»

«መጥቶ አየ?»

«ከላይ የተነሳውን ፎቶ አይቶ ነው። ታዲያ ምንድን ነው የነደደው?»

«ክምራችን ነዋ። ገብሱ ሳይወቃ፣ አውድማ ላይ እንዳለ።»

«ማን አቃጠለው?»

«ያ የላካችሁት ከላይ ሆኖ ካላየ፣ እኔ ከታች ሆኜ በምን ልይ?»

«እንጃ አባቴ። እኔ የታዘዝኩት በተቃጠለው ፋንታ ችግኝ እንዳድል ነው።»

«ይሁን። ፍሬው ለመቼ ይደርሳል?»

ችግኞቹን እንዳልረግጥ እግሬን ሰበሰብኩ።