የከፋይ ፊርማ

ኮምቦልቻ፣ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ በነሐሴ ካፊያ፤ ማመልከቻ ጸሐፊው ይመር ከጃንጥላው ሥር፣ ሽሮ ሻጯ ዘምዘም ፌስታሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ከፊቱ ተቀምጣለች።

ዘምዘም፦ «ሞተ» የሚል ቃል እንዳታስገባበት ነው ያልኩህ። ሌላውን እንዳሻህ አድርገህ ጻፍ።

ይመር፦ እኔ መች ሞተ አልኩ እትዬ ዘምዘም? «ጠፋ» ነው ያልኩት። በሕጉ ይለያያል።

ዘምዘም፦ ጠፋም አትበል። በግ ነው እንዴ የሚጠፋው?

ይመር፦ ታዲያ ምን ልበል?

ዘምዘም፦ ጊዜ ስጡኝ በላ። የልጄ የኑረዲን የዩኒቨርሲቲ ዕዳ፣ ያ ወጪ መጋራት የሚሉት፣ በትንሽ በትንሽ ይከፈል በል። እናቱ ሽሮ ሻጭ ናት፣ አቅም የላትም በል። አለቀ። ለዚህ ስንት ትለኛለህ?

ይመር፦ የእርስዎን ሽሮ ስበላ ኖሬ ምን ልልዎት ነው። ግን ገንዘብ ቤቱ የጻፈልዎትን ደብዳቤ አንብቤዋለሁ። ጊዜ የሚባል ነገር አልተወም። ወንድምዎ ሰይድ ዋስ ሆኖ ፈርሟል፣ ከመስከረም ጀምሮ ከደመወዙ ይቆረጣል ነው የሚለው።

ዘምዘም፦ እሱንማ አውቃለሁ። ትናንት ቤት መጥቶ ነበር። አልተቆጣኝም እኮ፣ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አምስት ልጅ ነው የሚያሳድገው። ትልቋ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው፣ እሷም ያንኑ ቅጽ ልትፈርም። የቀዳሁለትን ሻይ ሳይነካው «እህቴ፣ ይቺን ነገር በሕግ ጨርሺልኝ» ብሎኝ ወጣ።

ይመር፦ ልክ ነው ያለው። ዕዳ ከሜዳ መጣበት። ልጅዎ ከተመረቀ በኋላ አስተምሯል አይደል?

ዘምዘም፦ ሁለት ዓመት። ገጠር ገብቶ፣ ሒሳብ።

ይመር፦ የተፈራረመው እኮ ለአራት ነበር። አራቱን ቢጨርስ ዕዳው በአገልግሎት ተወራረደ ይባልለት ነበር። ግማሽ መንገድ ሄዶ ተወው።

ዘምዘም፦ አልተወውም። ደመወዙ ለቤት ኪራይ እንኳ አልበቃው ብሎ ነው። «እማ፣ ሳውዲ ሁለት ዓመት ሠርቼ፣ ዕዳዬን ከፍዬ ዲግሪዬን አወጣለሁ» አለኝ። ዲግሪው እንደሆነ ዕዳው እስኪከፈል ታግቶ ተቀምጧል።

ይመር፦ ላም አለኝ በሰማይ።

ዘምዘም፦ አትቀልድ።

ይመር፦ አልቀለድኩም፣ ከፍቶኝ ነው። ከዚያስ?

ዘምዘም፦ ከዚያማ ኦቦክ ደረስኩ ብሎ ደወለ። ባሕሩ ዳር ነኝ፣ ነገ በጀልባ እንሻገራለን አለኝ። ከጎኑ ልጆች ይጫወታሉ፣ እሱም ይስቃል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል እሰማ ነበር። በቃ፣ ድምፁን የሰማሁት ያኔ ነው።

ይመር፦ መቼ ነው ይሄ?

ዘምዘም፦ የሚመጣው ረመዳን ሲገባ ሦስት ዓመት ይሞላዋል።

ይመር፦ እንግዲህ ይስሙኝ። ሕጉ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ያልተሰማ ሰው እንደሆነ፣ ዘመዱ ፍርድ ቤት ቀርቦ መጥፋቱ ይወሰንልኝ ማለት ይችላል ይላል። ሞተ አይልም። ያንን ውሳኔ እንይዝና ዕዳው ይሰረዝ፣ ዋሱም ይለቀቅ ብለን እናመለክታለን። ይሳካል ብዬ አልምልልዎትም። ግን ከዚህ የተሻለ በር አላውቅም።

ዘምዘም፦ እሱ ቢመጣስ?

ይመር፦ ይምጣ፣ ውሳኔው ይሻራላ። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ሚስቱ አልቅሳ አስጻፈችኝና መጥፋቱን በአንድ ገጽ ጻፍኩ። በስድስት ወሩ በእግሩ መጥቶ እዚሁ እርስዎ የተቀመጡበት አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ። መኖሩን በአራት ገጽ ጻፍኩለት። ሁለቱንም አስከፍያለሁ።

ዘምዘም፦ አላህ ይይልህ፣ በሐዘኔ ላይ አሳቅኸኝ።

ይመር፦ ይሳቁ እንጂ። ግን አልዋሽዎትም፣ የመጣው እሱ አንዱ ነው። እስከ ዛሬ የጻፍኩት አሥራ ሰባት ነው።

ዘምዘም፦ ዝም በል።

ይመር፦ ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ሰይድን ግን አያድነውም። እስቲ ያንን ፌስታል ያምጡት።

ዘምዘም፦ ደብዳቤውን ሰጠሁህ፣ ሌላው ላንተ አይሆንም።

ይመር፦ ማስረጃ ሳላይ አልጽፍም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ይስጡኝ… ይሄ የሥራ ውሉ ነው። ይሄ ደረሰኝ። ይሄም ደረሰኝ፣ ደረሰኝ፣ ደረሰኝ… ሃያ ሁለት። እትዬ ዘምዘም፣ ይሄኛው የግንቦት ነው። የዘንድሮ ግንቦት።

ዘምዘም፦ ታዲያ?

ይመር፦ «የከፋይ ስም፦ ኑረዲን አራጋው።» ፊርማም አለው። ልጁ ካለ እኔን ከጠዋት ጀምሮ ምን ያስለፈልፈኛል?

ዘምዘም፦ ኢንሻአላህ አለ።

ይመር፦ እሱን አይደለም የጠየቅሁት። ይሄን የፈረመው ማነው?

ዘምዘም፦ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው። አንተ ጻፍ ያሉህን ጻፍ።

ይመር፦ ዳኛው ይጠይቃል እኮ። እኔ ወሬው ተሰምቶ አያውቅም ብዬ ልጽፍ፣ ልጁ ደግሞ በየወሩ ገንዘብ ቤት ተሰልፎ ሲፈርም ሊገኝ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ይሄ ወረቀት ልጅዎን ኮምቦልቻ ላይ እንደቆመ ነው የያዘው።

ዘምዘም፦ ይያዝልኝ። እሱን ብዬ አይደል።

ይመር፦ ምን አሉኝ?

ዘምዘም፦ መጀመሪያ ገንዘብ ቤቱ የሄድኩት ለሰይድ ብዬ ነበር፣ ደመወዙ እንዳይነካ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ከፋዩ ማነው አለችኝ። ኑረዲን ነው አልኳት። ቅጹን ሰጠችኝና ከፋዩ ስሙን ጽፎ ይፈርም አለች። ከየት ላምጣው? ይዤው ቤት ገባሁ። የዘጠነኛ ክፍል ደብተሩ አለኝ፣ ሽፋኑ ላይ ስሙን በትልቁ ጽፎበታል። የነፋሁትን ሽሮ ትሪ ላይ ዘረጋሁና ደብተሩን እያየሁ በጣቴ ጻፍኩ። አጠፋሁ፣ ደግሞ ጻፍኩ። ሳምንት ፈጀብኝ። «ረ» ናት ያስቸገረችኝ፣ እግሯ እየዞረ። በስምንተኛው ቀን ልጄ ፈርሞታል ብዬ ሰጠኋት። አየችውና ማኅተም መታችበት። ይመር፣ ያን ቀን እንዴት ሆኜ ቤቴ እንደገባሁ አላውቅም። ልጄ አለ ተብሎ ማኅተም ተመታልኝ እኮ።

ይመር፦ አብሽሩ እትዬ።

ዘምዘም፦ ከዚያ ወዲያ በየወሩ ነው። ጎረቤት ወሬ አለ ወይ ሲለኝ፣ ዕዳውን እየከፈለ ነው እላለሁ። ወላሂ አንዳንዴ እኔ ራሴ አምነዋለሁ። ዕዳ ያለበት ሰው አይሞትም ይመር። ዕዳው ከተሰረዘ በምን ይኑርልኝ?

ይመር፦ ታዲያ ሰኔና ሐምሌን ምን ሆነው ዘለሉ?

ዘምዘም፦ የሽምብራው ዋጋ ጣሪያ ነካ። መጀመሪያ ብረት ድስቱን ሸጥኩ፣ ቀጥሎ አልጋውን። የእሱን አልጋ። ከዚያ በኋላ የሚሸጥ ጠፋ።

ይመር፦ ሰይድ ይሄን ያውቃል?

ዘምዘም፦ የት አውቆ። ኑረዲን ከሳውዲ እየላከ ነበር የሚመስለው። ሁለት ወር ሲቋረጥ፣ ትናንት ያንን ሻይ ሳይጠጣ የወጣው የሆነ ነገር ጠርጥሮ ነው።

ይመር፦ እንግዲህ እውነቱን ልንገርዎት፣ ከዚያ እርስዎ ያውቃሉ። ይሄን ፌስታል ይዘው ቤትዎ መግባት ይችላሉ። ሰይድ ይቆረጥበታል፣ ልጅዎም ወረቀት ላይ ይኖራል። ወይም ደግሞ ዳኛው ፊት ቆመው፣ የከፈልኩትም የፈረምኩትም እኔ ነኝ፣ እሱ ከዚያ ስልክ ወዲህ ተሰምቶ አያውቅም ይላሉ። በሰው ስም ለምን ፈረምሽ ብሎ ይቆጣ ይሆናል። ለመክፈል ብላ የፈረመችን እናት ግን ይጨክንባታል ብዬ አላስብም። ቃል አልገባልዎትም ታዲያ።

ዘምዘም፦ ዳኛውን አልፈራውም። እኔ ነኝ ካልኩ በኋላ፣ በየወሩ ስሙን የሚጽፈው ማነው?

ይመር፦ ማንም።

ዘምዘም፦ ማንም።

ይመር፦ አዎ እትዬ።

ዘምዘም፦ ሰይድ ትናንት ጫማውን ደጅ አውልቆ ነው የገባው። ሳየው ሶሉ አልቆ መሬት ያሳያል። እናታችን ስትሞት ይድህ ነበር፣ በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግሁት። ሆዴን በላው፣ አንተ ይመር።

ይመር፦ ልጻፍ ወይስ ልተወው? ዝናቡም እየጠነከረ ነው።

ዘምዘም፦ ጻፍ።

ይመር፦ ሁሉንም?

ዘምዘም፦ ሁሉንም። ሽሮውን ብቻ ተወው፣ ዳኛው እንዳይስቅብኝ።

ይመር፦ እሺ… «አመልካች፣ ወይዘሮ ዘምዘም እንድሪስ። ልጄ ኑረዲን አራጋው ከኦቦክ ከደወለልኝ ጊዜ ጀምሮ ወሬው ስላልተሰማ፣ መጥፋቱ ይወሰንልኝ ዘንድ አመለክታለሁ። በስሙ ሃያ ሁለት ጊዜ የተከፈለውን የከፈልኩትና የፈረምኩት እኔ እናቱ ነኝ።» ልክ ነው?

ዘምዘም፦ ልክ ነው።

ይመር፦ እንግዲያው እዚህ ታች ነው። የቀለሙን ሙዳይ ልክፈት፣ አውራ ጣትዎን ያምጡ።

ዘምዘም፦ ጣት አልሰጥም። እስክሪብቶውን አቀብለኝ።

ይመር፦ ይያዙ። ይጠንቀቁ ታዲያ፣ እዚህ ጋ የሚጻፈው የእሱ ስም አይደለም፣ የእርስዎ ነው።

ዘምዘም፦ እኮ፣ የማውቀው የእሱን ብቻ ነው። እስቲ የእኔን ጻፍና አሳየኝ።