አንድ ቀንበር፣ ሁለት ሰዓት

ያለኝ በሬ አንድ ነው፤ ወዳጄ ሙላውም ያለው አንድ። እሱ ከወንዙ ማዶ፣ በሌላ ወረዳ ነው የሚኖረው። በሬዎቻችንን አቀናጅተን አንድ ቀን የእኔን፣ አንድ ቀን የእሱን እናርሳለን። የምርጫ ካርድ መውሰጃው የሚያበቃበት ቀን ታዲያ በእኔ ተራ ላይ ዋለ። የቦኖ ውኃችን ደርቆብናልና ዘንድሮ ሳልመርጥ አልቀርም ብዬ ነበር። ግን የእኛ ጣቢያ በስድስት ሰዓት ይዘጋል፤ የማዶው እስከ አስራ አንድ ይመዘግባል። ወንዙ እኮ ፍየል የፊት እግሯን እኛ ወረዳ፣ የኋላዋን እነሱ ወረዳ አድርጋ የምትሻገረው ነው!

በሬ ብፈታ ተራዬ ሊያልፍብኝ፣ “ይቺን ትልም ብቻ” ስል ፀሐይ አናቴ ላይ ወጣች። እርፉን ለሙላው አስጨብጬ ሮጥሁ፤ ጥላዬ እንኳ ደክሟት መንገድ ላይ ቀረች። ስደርስ መዝጋቢዋ ቁልፍ ይዛ በር ላይ ቆማለች።

“አባባ፣ ሰዓት አልፏል።”

“ማዶ ገና አምስት ሰዓት ይቀራቸዋል፣ ልጄ!”

“የማዶው የማዶ ነው።”

“ፀሐይዋስ ለእነሱ ብቻ ነው የምትቆየው?”

ሳቀች፤ እየሳቀችም ቆለፈችው። ማዶ ብሻገር ደግሞ “እርስዎ የወዲያ ነዎት” ብለው መለሱኝ።

ሙላው ማሳዬን ጨርሶልኝ፣ በአስር ሰዓት ሄዶ ካርዱን ይዞ መጣ።

“አይክፋህ፣ ላንተም እመርጥልሃለሁ” አለኝ።

“አንተ የምትመርጠው የማዶን ሰው! በሬ ነው እንጂ ድምፅ አይቀናጅም” አልሁትና ቀንበሩን ልሸከም ጎንበስ ስል፣ ወገቤም አልቀናጅም ብሎ እምቢ አለኝ።