ወደ ኋላ የማይሄደው አውቶቡስ

ና ጋሽ ኔድያልኮ፣ ግባ እንጂ፣ ደጃፍ ላይ ምን ገተረህ? ውስጥ ይሻልሃል፤ ዝናቡ ገና አልወጣለትም። ዘንድሮማ ጽጌረዳውን አበሰበሰው አይደል... ባለቤቴ ገና ጎህ ሳይቀድ ለቀማ ወርዳ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ ነው የመጣችው። ቆይ ራኪያ ልቅዳልህ፣ አረቄው ያሞቅሃል። ሰላጣውንም ቅመስ፣ አይቡ የራሴ በጎች ወተት ነው። ምን ታያለህ? ጥጉ ላይ ያሉትን ሰውዬ? ተዋቸው፣ ፊታቸውን ጋርደው ጋዜጣቸውን ያንብቡ። እኔና አንተ የራሳችንን እናውጋ።

እኔ የምልህ... ያ ሰው ደኅና ናቸው? ስም ምን ያደርጋል፣ ታውቃቸዋለህ። ድሮ አብረን ስንጫወት «አንተ» ነበር የምላቸው፤ ዛሬ አሰልጣኝ ሆነው «አንተ» ማለት ነውር ነው፣ «እሳቸው» እንበላቸው።

መቼም ግብ በማግባት የሚስተካከላቸው አልነበረም። ማን ይክዳል? እኔ በቀኝ መስመር ስበር፣ እሳቸው የተጋጣሚ ግብ ፊት ቆመው ይጠብቃሉ። መጠበቅ ቀላል እንዳይመስልህ... ትዕግሥት ይፈልጋል። ኳስ ስንነጠቅ እኛ እያለከለክን ወደ ኋላ ስንመለስ፣ እሳቸው ከሰዎቹ በረኛ ጋር ይጨዋወቱ ነበር። ሩኅሩኅ ናቸው፣ በረኛው ብቻውን እንዳይከፋው ብለው ነው። ኳሷ እንደገና እኔ ጋ ስትደርስ «ቬንኮ፣ አምጣ!» ይላሉ። አመጣለሁ። ያገባሉ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ እየሮጡ ደረታቸውን ይመታሉ። ኳሷ ከሰማይ ነው የወረደችው ያልን እንደሆነ ምን አለበት? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ ያገባ ቢረሳስ ያቀበለ ይረሳል ወይ? ኧረ እኔ ረስቼዋለሁ። ዛሬም ድረስ፣ ጉልበቴን ውርጭ ሲመታኝ ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ።

ከዚያ ውጭ አገር ሄዱ። በየሄዱበት የማልያውን አርማ እየሳሙ «የነፍሴ ክለብ» ይሉ ነበር። ነፍሳቸው ሰፊ ናት፣ አምስት ክለብ አስተኝታለች። ጀርመን ደግሞ የተቀያሪዎቹ ወንበር ከሥሩ ይሞቃል አሉ። ክረምቱን ሙሉ ሳይነሡ ከረሙ። ለወንበር እንዲህ ታማኝ የሆነ ሰው አይተህ ታውቃለህ?

ታዲያ የክለባችን አሰልጣኝ ሆነው ሲመጡ እኛም አላሳፈርናቸው። ቄሱ ጠበል ረጩ፣ ለቡድኑ ጤና ብለን በግ አርደን በትልቁ ድስት ቀቀልን። ያን ቀን በጉ ብቻ ነበር የተጎዳው። እሳቸውም ውለታ አይረሱም፣ ስናሸንፍ «አሸነፍኩ» ይላሉ፣ ስንሸነፍ ደግሞ ድሉን ብቻቸውን መውሰዳቸው ቅር ብሏቸው ነው መሰለኝ፣ ሽንፈቱን በሙሉ ለልጆቹ ይተዋሉ።

እና የእሑዱ ነገር... አንተ መች ትናገራለህ፣ እኔው ልናገርልህ። ላይኛው መንደር ሄደን ብናሸንፍ ከመውረድ እንተርፍ ነበር። አውቶቡሱን እየነዳህ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ዛፍ ወድቆ መንገዱን ዘግቶታል። «ትንሽ ወደ ኋላ ልበልና በወፍጮው በኩል ልውጣ» አልካቸው። ይህን ስትል ምን ያህል እንደከበደህ አውቃለሁ። ተጫዋች የጫነ አውቶቡስ ወደ ኋላ ከሄደ ቡድኑም ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በዚህ አገር ይህን የማያውቅ የክለብ ሹፌር አለ? አንተ ራስህ ስታቆም እንኳ አፍንጫውን ወደ መውጫው አድርገህ አይደል እንዴ የምታቆመው? ግን ዛፍ ነው። ዛፍ አይለመን። «እንግዲያው ልጆቹ ይውረዱና ባዶውን ልመልሰው» አልካቸው። «ባዶውም የእኛው ነው» አሉህ። እንዲህ ያለ ጥበብ ከየት ይመጣል? መቼም ከወንበር ነው።

አልሸሹም ዞር አሉ ይባላል። እሳቸው ግን ዞር ማለቱንም አይወዱትም። «ወደ ፊት!» አሉ፣ ሄድክ። ጽጌረዳው ማሳ ውስጥ ገባህ፣ ጎማው ሰመጠ፣ ልጆቹ በነጠላ ጫማ እሾሁን እየረገጡ ዳገቱን ወጡ። ዳኛው ጠብቆ ጠብቆ ፊሽካውን ኪሱ ከቶ ነበር። በፎርፌ ወረድን። ግን ልጆቹ ሲደርሱ እንደ ሙሽራ ሸተቱ አሉ። የወረደ ቡድን ሁሉ እንዲህ መዓዛ አለው?

ማታ በሬዲዮ ሰማኋቸው። «ሹፌሩ መንገድ ስቶ ነው» አሉ። ልብ በል፣ ስምህን አላነሡም፣ ጨዋ ናቸው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው የሚባለው፤ አህያው ራሱ አፍ አውጥቶ ዳውላውን ሲከስ ግን እኔ ያን ማታ ነው የሰማሁት። አልደበቅህም፣ ሬዲዮውን ዘግቼ ደጅ ወጣሁ፣ እንባዬ መጣ። ላንተ ነው ያለቀስኩት ጋሽ ኔድያልኮ፣ ለክለቡስ ሌላ ዓመት አለ።

ጡረታህ አንድ ክረምት ሲቀረው ነገ የክለቡ ቦርድ ተቀምጦ የአውቶቡሱን ቁልፍ ሊቀበልህ ነው አሉ። ልጆቹ ሁሉም ሰምተዋል፣ ግን የከርሞ ቦታቸው በማን እጅ ነው? ይፈራሉ፣ አልፈርድባቸውም። ታዲያ አንድ ሰው ብቻ ነገ ጠዋት ገብቶ «ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ» ቢል ነገሩ እዚያው ያልቃል። ቀላል ይመስላል አይደል? ግን ፍርድ አታጓድል፤ እሳቸው ይህን ለማለት ወደ ኋላ መመለስ አለባቸው። ሰውዬው ደግሞ በሃያ ዓመት ጨዋታ አንድ ቀን ወደ ኋላ ተመልሰው አያውቁም። በስተርጅና እንዴት ይጀምሩታል? ወገባቸውስ?

ምነው ጋዜጣው ተንቀጠቀጠ... ጌታው፣ ነፋስ ገባብዎ እንዴ? መስኮቱን ልዝጋው? አይ፣ ስለ እርስዎ አይደለም የምናወራው፣ ምን በወጣዎት። እርስዎማ እንግዳ ነዎት። ይነሣሉ እንዴ? ሾርባው እኮ ገና አልቀዘቀዘም። እሺ እንግዲህ፣ ካፖርትዎን ይደርቡ፣ ብርዱ አይጣል ነው።

አንተ ግን ብርጭቆህን አንሣ፣ ጋሽ ኔድያልኮ። ከፍ አድርገህ ያዘው፣ ያንተ ያጠፋ ሰው እጅ አይደለም። ጌታው፣ እርስዎም በሩን እንደያዙ ትንሽ ይቁሙ፣ ምርቃት በዳር ላለም ይደርሳል። እንግዲህ ለዚያ ለምናወራላቸው ሰው... እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ከዚህ የሚበልጥ ክለብ፣ ከዚህ የሚበልጥ ሜዳ ይስጣቸው። የሚያከብራቸው ሕዝብ አያሳጣቸው። እኔ እንዳቀበልኳቸው የሚያቀብል ሰው ድሮ ነበራቸው፣ እሱስ ይቅር፣ አርጅቷል። ብቻ ያ ቸር አምላክ፣ የትም ይሂዱ የት፣ ቡድናቸውን ሲያሰልፉ፣ ግብ ፊት የሚያቆሙትን አንድ አጥቂ ቁርጥ እሳቸውን የመሰለ ይስጣቸው። አሜን።