ለሕፃኑ የታሰበው ስም

ልጆቹ የድሮ የታክሲ ወሬ አውሪን ስላሉኝ ይቺን ልንገራቸው። የኢንተርኔት ወሬው እንጂ እሱ ራሱ ገና ያልደረሰን ጊዜ ነው። ከነፋስ ስልክ ተሳፍረን አንድ ጎልማሳ፣ ነገ የልጁ ክርስትና መሆኑን አጠገቡ ለተቀመጠች ሴትዮ ይነግራታል።

«በፈረንጁ የኮምፒውተር ሀብታም ስም ነው የምጠራው፣ እትዬ።»

«ምን አደረገልህ?»

«በኢንተርኔት ዓለም ሁሉ ያወድሰዋል አሉ።»

«የሚያማው የለም?»

«አንድም።»

«ሁሉም የሚያመሰግነውማ ሬሳ ነው፣ ወንድሜ። ለመሆኑ ኮምፒውተር ነክተህ ታውቃለህ?»

«በጋዜጣ አይቻለሁ።»

«ቄሱስ ምን አሉ?»

«‹የየትኛው ታቦት ነው?› አሉኝ።»

«እናቱስ?»

«‹እንግዲያው ፈረንጁ ያሳድግልህ› ብላ አኮረፈች።»

እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ፤ ባልና ሚስቱ በስሙ ሳይስማሙ ልጁ ትምህርት ቤት እስኪገባ ማሙሽ እየተባለ መኖሩን የሰማሁት ግን ከዓመታት በኋላ፣ ለቡ ሰፈር ከነሱ ጋር ጎረቤታሞች ስንሆን ነው።