የካምፐርቫኗ መስኮት

ሕፃን ይዞ መኪና ውስጥ ሲታደር መስኮት ይከፈታል ወይስ ይዘጋል? እኔ እስካሁን መልሱን አላገኘሁም። ለሰመር ወደ ሰሜን፣ ትልቁ ሐይቅ ዳር ልንሄድ አስበን ካምፐርቫን፣ ያቺን አልጋና ምድጃ ያላትን መኪና፣ ለማየት ኒው ሆፕ የምትባል ከተማ ሄድን። አከራዩ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። ባሌ እየተረጎመልኝ፣ ሰውየው "እዚያ በሰመርም ሌሊቱ ይበርዳል፤ ግን ማሞቂያ አላት" ሲል ደስ አለኝ። ቀጠለና፣ "በጋዝ ስለሚሠራ ስትተኙ ይህችን መስኮት ትንሽ ክፈቱ" አለ። መስኮቷ ደግሞ ያለችው ልጄ በሚተኛበት ራስጌ ነው!

"ኧረ ልጄን ንፋስ ይመታብኛል በለው!" አልኩት ባሌን። ነገረው። ሰውየው ግራ ገብቶት፣ "ንፋስ ምን ያደርገዋል?" አለ።

ባሌ ሳቀብኝ። "አንቺ ሴትዮ፣ የሚገድለው እኮ ጋዙ ነው!"

"አንተስ ታክሲህ ውስጥ ተሳፋሪ መስኮት ሲከፍት አንገትህን በፎጣ ትጠቀልል የለ?" አልኩት።

መኪናዋን ቡክ አድርገናል። እኔ ግን ጋዙንም ንፋሱንም ፈራሁ። ማሞቂያውን ትተን በጋቢ ብቻ እንዳናድር ልጁ ገና ስድስት ወሩ ነው። ሕፃን ይዛችሁ እንዲህ ያደራችሁ እናቶች፣ እንዴት አደረጋችሁ? እባካችሁ ምከሩኝ።